የሚዘፍነው ካውቦይ እና የቤተሰብ ፍርድ

ካውቦይ የሚለውን ቃል ለደባርቅና ለዳባት ሰው መተርጎም አያስቸግርም። ላም ጠባቂ ልጅ ማለት ነው፤ በእኛ አነጋገር እረኛ። ፈረስ ላይ መቀመጡ፣ ሽጉጥ መታጠቁና ሰፊ ባርኔጣ መድፋቱ ይለየዋል እንጂ ሥራው ያው ከብት መጠበቅ ነው። መዝፈኑም ሊገርመን አይገባም። የአሜሪካ ከብት ነጂዎች ሌሊት በተራ ሲጠብቁ ያንጎራጉሩ ነበር። ከብቱ የሰው ድምፅ እየሰማ ተረጋግቶ ይተኛል፤ በትንሽ ኮሽታ ደንብሮም አይበተንም። እኔም በልጅነቴ ዳባት አካባቢ ከብት ጠብቄያለሁ። ዋሽንት የማይነፋ ወይም የማያንጎራጉር እረኛ አላጋጠመኝም። የእኛ ገበሬ ሲያርስም ሆነ ሲያበራይ ለበሬው ይዘፍንለት የለ!

ባለፈው ክረምት የልጅ ልጆቼ ትምህርት ቤት ሲዘጋ እኛ ዘንድ ጎንደር ከረሙ። አጎታቸው በፍላሽ የጫነላቸው የድሮ የዘፋኝ ካውቦይ ፊልሞችን ነበር። ጥቁርና ነጭ ናቸው፤ አንዱ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። መብራት ባለ ማታ ሳሎን ተሰብስበን እናያለን። እኔን ከፊልሙ ይልቅ የያዘኝ የቤተሰቡ ፍርድ ነበር።

ትልቁ ልጅ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ ስህተት አዳኝ ነው። «አባባ፣ ይሄን ድንጋይ ቅድም አላለፉትም?» ይለኛል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ «ሜዳው ላይ እሱና ፈረሱ ብቻ ናቸው፤ ሙዚቃውን ማን ነው የሚጫወተው?» ይላል። ባለቤቴ ትቆጣዋለች፤ «እስቲ ዝም በል፣ ዘፈኑን ልስማበት!» የእሷ ሚዛን ጨዋነት ነው። ሰውየው ሴት ሲያይ ባርኔጣውን ያነሳል፣ ሰክሮ አይንገዳገድም፣ ሽማግሌ ያከብራል፤ በቃ፣ አለፈ። በጉልምስናቸው ጉግስ ይጋልቡ የነበሩት ጎረቤታችን ጋሼ ግን ሰውየውን ጭራሽ አያዩትም። «ዋናው ተዋናይ ፈረሱ ነው» ብለው ፈርደዋል።

ሦስቱም እውነት አላቸው። ልጁ እንዳለው ድንጋዩ ያው ድንጋይ ነው። ከሎስ አንጀለስ ዳርቻ አይቨርሰን በሚባል እርሻ ላይ ያሉት ቋጥኞች በብዙ ፊልሞች ውስጥ ይታያሉ። ጋሼም አልተሳሳቱም። የጂን ኦትሪ ፈረስ ቻምፒዮን፣ የሮይ ሮጀርስ ፈረስ ደግሞ ትሪገር ይባሉ ነበር፤ ስማቸው ከባለቤቶቻቸው ጋር በማስታወቂያ ላይ ይጻፍ ነበር።

ፊልሞቹ በርካሽ የተሠሩበት ምክንያት አለ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በአሜሪካ የኑሮ ውድቀት ዘመን ሲኒማ ቤቶች ደንበኛ ለመሳብ በአንድ ትኬት ሁለት ፊልም ያሳዩ ነበር። አንደኛው ትልቁ ሲሆን ሁለተኛው በትንሽ ገንዘብ፣ ብዙ ጊዜ በሁለት ሳምንት ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ተቀርጾ የሚያልቅ ማሟያ ነው። በ1935 የተቋቋመው ሪፐብሊክ የተባለው ኩባንያ በዚህ ሥራ ታወቀ። የባቡር ጣቢያ ቴሌግራፍ ሠራተኛ የነበረውንና በሬዲዮ ዘፋኝነት ስም ያወጣውን ጂን ኦትሪን በዚያው ዓመት «ተምብሊንግ ተምብልዊድስ» በተባለው ፊልም ዋና ተዋናይ አደረገው። ተመልካቾቹ የትናንሽ ከተማ ቤተሰቦችና ቅዳሜ ከሰዓት የሚሰበሰቡ ልጆች ነበሩ።

አንዳንዱ ታሪክ ያስቃል። ኦትሪ በዚያው ዓመት በተሠራ ተከታታይ ፊልም ከመሬት በታች ባለ፣ ሮቦቶች ባሉበት መንግሥት ውስጥ ይታሰራል። ሆኖም የሬዲዮ ውሉ እንዳይሰረዝበት በየቀኑ በሰዓቱ ወጥቶ መዝፈን አለበት! የልጅ ልጆቼ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ግን አንዳቸውም ሳያልቅ አልተነሱም።

እዚህ ላይ ወላጆችን አንድ ነገር ልጠይቅ። አዝማሪ ቤት ስንገባ ምን እንጠብቃለን? ክፍሉ ጠባብ ነው፣ መብራቱ ደብዛዛ ነው፣ ማሲንቆው አንድ ክር ብቻ አለው። ስለ ክፍሉ የሚያማርር ግን የለም። ግጥሙ ልብ ከነካ ሰው ተደስቶ ይሸልማል፤ ካልነካ ክፍሉ ቢያምርም ዋጋ የለውም። ርካሽ ፊልምም የሚመዘነው እንዲህ ይመስለኛል፤ ባልነበረው ገንዘብ ሳይሆን ሊሰጥ ቃል በገባው ነገር። የእኛኑ የአማርኛ ፊልሞች ስናይም ይህን ብናስብ መልካም ነው።

የጎንደር ሰው ለዘፋኝ ጀግና እንግዳ አይደለም። እኔ ፊልም ማየት የጀመርኩት ፒያሳ ጣሊያን በሠራው ሲኒማ ነው፤ የህንድ ፊልም ሲመጣ ቦታ አይገኝም ነበር። የ1975ቱን «ሾሌይ» ያየ ሰው ያስታውሳል። ሽፍታ አለ፣ ቋጥኝ አለ፣ ፈረስ አለ፤ ሁለቱ ጓደኛሞች በሞተር ሳይክል ሆነው ይዘፍናሉ። እሱ እንኳ ብዙ ገንዘብ የወጣበት ነው። ቋንቋውን የሚያውቅ አልነበረም፣ ግን አዳራሹ ያለቅስ ነበር። ፉከራና ሽለላ ባለበት አገር ታጣቂ ለምን ዘፈነ ብሎ ማን ይጠይቃል?

ነገር ግን ልዩነት አለ፤ ልቤን የነካውም እሱ ነው። የእኛ ፉከራና ቀረርቶ ደም ያሞቃል፣ ሰውን ለፍልሚያ ያስነሳል። የእነዚህ ፊልሞች ዘፈን ግን አብዛኛውን ጊዜ ጠብ ያበርዳል። የዘጠኝ ዓመቷ ልጅ አንድ ማታ፣ «አባባ፣ ለምንድነው ቀድሞ የማይተኩሰው?» አለችኝ። ልጆቻችን የተኩስ ድምፅን ከፊልም አልተማሩትም። በእነዚህ ዓመታት መስኮት ዘግተው፣ ወለል ላይ ተኝተው ሰምተውታል። ስለዚህ ጥያቄዋ ቀልድ አልነበረም።

መልስ ነበረኝ። ኦትሪ ለልጆች ተመልካቾቹ አሥር የካውቦይ ሕጎችን አውጥቶ ነበር። ካውቦይ ቀድሞ አይተኩስም፤ ከእሱ የሚያንሰውን አይመታም፤ ቃሉን አያጥፍም፤ ለሕፃናት፣ ለሽማግሌና ለእንስሳ ይራራል፤ ሰውን በዘሩ ወይም በሃይማኖቱ አይጠላም። ይህን ስነግራት ዝም ብላ አሰበችና፣ «ታዲያ ሁሉም ሰው ካውቦይ ቢሆን ጥሩ ነበር» አለች። ባለቤቴ ፊቷን ወደ ጓዳ አዞረች።

ፊልሞቹን ቅዱስ አድርጌ ላቀርብ አልፈልግም። የአገሩን ነባር ሕዝቦች ብዙ ጊዜ በመጥፎ መልክ ያሳያሉ። ከካውቦዮቹ አንድ አራተኛ ያህሉ ጥቁሮች እንደነበሩ ብዙ ታሪክ ጸሐፊዎች ይገምታሉ፤ በፊልሞቹ ላይ ግን ጀግናው ሁልጊዜ ነጭ ነው ማለት ይቻላል። ይህን ለመለወጥ የተነሳው ኸርብ ጄፍሪስ ነው። ጥቁር ልጆች በተለየ ሲኒማ ቤት ተቀምጠው ነጭ ጀግና ብቻ ሲያዩ ታዘበ። በ1937 «ሃርለም ኦን ዘ ፕሬይሪ»፣ በ1939 ደግሞ «ዘ ብሮንዝ በካሩ» በተባሉት ፊልሞች እየጋለበ ዘፈነ። ጄፍሪስ በአባቱ በኩል የኢትዮጵያ ደም እንዳለበት ይናገር ነበር። በኋላ ከዱክ ኤሊንግተን ጋር የዘፈነ ሲሆን በ2014 አርፏል። የእሱ ፊልሞች ከኦትሪም የባሱ ድሆች ናቸው፤ ስህተት አዳኙ ልጄ ቢያያቸው ማስታወሻ ደብተር ይሞላል። ግን በዚያ አዳራሽ የተቀመጠ ጥቁር ልጅ ጀግናው እሱን ሲመስል ሲያይ የተሰማውን የትኛው የገንዘብ መጠን ይለካዋል?

ስለዚህ ለወላጆችና ለአያቶች ምክሬ አጭር ነው። ልጆቹን ከስልክ ጋር ብቻቸውን አትተዋቸው፤ አብራችሁ እዩ። በስህተቱ ይሳቁ፣ ዓይናቸው እንዲከፈት ይጠቅማል። ከሳቁ በኋላ ግን ሦስት ነገር ጠይቋቸው፤ ጀግናው ጠቡን በምን ፈታው? ደካማውን እንዴት ያዘው? በዚህ ታሪክ ውስጥ የቀረው ማን ነው? እነዚህን የሚመልስ ልጅ፣ ፊልሙ ርካሽም ሆነ ውድ፣ ጥሩ ተመልካች ይሆናል። መሣሪያ ይዞ የሚፎክር ሰው በመንገዱ ሲያልፍም በምን እንደሚመዝነው ያውቃል።