ዩሮቪዥን፤ የዘፈኑ ፍርድ የማን ነው?

በግንቦት 2025 በስዊዘርላንዷ ባዝል ከተማ በተካሄደው የዩሮቪዥን የዘፈን ውድድር ፍፃሜ፣ የሌሎቹ 36 አገሮች ዳኞች ለእስራኤል ዘፈን የሰጡት በድምሩ 60 ነጥብ ነበር። ወዲያው የተመልካቹ ድምፅ ሲነገር ግን ያው ዘፈን 297 ነጥብ አግኝቶ ከሁሉም በላይ ወጣ። ሁለቱ ተደምረው ኦስትሪያዊው ጄጄ በ436 ነጥብ አንደኛ ሆነ፤ እስራኤል በ357 ሁለተኛ። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ብዙም ሳይቆይ የስፔኑን ጨምሮ በርካታ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች የሕዝብ ድምፅ አሰጣጡ ይመርመር አሉ። በእስራኤል መሳተፍ ላይ የተነሣው ክርክር እየጋለ ሄዶ በዓመቱ መጨረሻ ስፔን፣ አየርላንድ፣ ኔዘርላንድስና ስሎቬኒያ፣ ጥቂት ቀን ቆይቶም አይስላንድ፣ በ2026ቱ የቪየና ውድድር እንደማይሳተፉ አስታወቁ። ከእነዚህ መካከል አየርላንድ ሰባት ጊዜ ያሸነፈች፣ በድል ብዛት ከስዊድን ጋር እኩል የቆመች አገር ናት።

ይህ ጠብ ትናንት አልተጀመረም። ውድድሩ ከተወለደበት ምሽት አንስቶ አብሮት ያደገ ጥያቄ አለ፤ የትኛው ዘፈን እንደሚበልጥ የሚፈርደው ማን ነው? የዩሮቪዥንን ታሪክ ስከታተል ደጋግሜ የማየው ነገር ቢኖር ሕጉ ሁልጊዜ ከጠቡ በኋላ መምጣቱ ነው። መጀመሪያ ይጣላሉ፣ ከዚያ ደንብ ይጽፋሉ፤ አዲሱ ደንብ ደግሞ ሌላ ጠብ ይወልዳል።

የመጀመሪያው ውድድር የተደረገው በ1956 በስዊዘርላንድ ሉጋኖ ነው። ያዘጋጀው የሕዝብ ብሮድካስት ጣቢያዎች ማኅበር የሆነው የአውሮፓ ብሮድካስቲንግ ኅብረት ሲሆን፣ መነሻ የሆነው የጣሊያኑ የሳንሬሞ የዘፈን ፌስቲቫል ነበር። ቴሌቪዥን ገና ብርቅ በነበረበት በዚያ ዘመን አንድን ዝግጅት በብዙ አገር በአንድ ጊዜ በቀጥታ ማሳየት ራሱን የቻለ ሙከራ ነበር። ሰባት አገሮች እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ዘፈን አቀረቡ። ዳኞቹ በዝግ ክፍል ተቀምጠው በምስጢር ፈረዱ። የሉክሰምበርግ ዳኞች ባለመገኘታቸው ድምፃቸውን ስዊዘርላንዶች ሰጡላቸው፤ አሸናፊዋም የስዊዘርላንዷ ሊስ አሲያ ሆነች። ማን ስንት ነጥብ እንዳገኘ እስከ ዛሬ አልታወጀም።

ከዚያ ወዲህ ደንቡ ብዙ ጊዜ ተቀያይሯል። በ1969 ማድሪድ ላይ ስፔን፣ ብሪታንያ፣ ኔዘርላንድስና ፈረንሳይ እኩል 18 ነጥብ አመጡ። ለእኩልነት የተጻፈ ደንብ ስላልነበረ አራቱም አሸናፊ ተባሉ፤ በዚህ ቅር የተሰኙ አገሮች በተከታዩ ዓመት ቀሩና አምስተርዳም ላይ የተወዳደሩት 12 ብቻ ሆኑ። ዛሬ የምናውቀው የነጥብ አሰጣጥ፣ ማለትም ከ1 እስከ 8 ከዚያም 10 እና 12፣ የመጣው በ1975 ነው። ለራስ አገር ድምፅ መስጠት አይቻልም። ዘፈኑ ከሦስት ደቂቃ አይበልጥም፤ መድረክ ላይም ከስድስት ሰው በላይ አይወጣም።

ለ40 ዓመታት ፍርዱ በዳኞች እጅ ነበር። ዳኞችም ይሳሳታሉ። በ1974 ብራይተን ላይ አባ የተባለው የስዊድን ቡድን ሲያሸንፍ የብሪታንያ ዳኞች አንዲት ነጥብ እንኳ አልሰጡትም ነበር፤ የዚያ ቡድን ዘፈኖች ዓለምን እንዴት እንዳዳረሱ አንባቢ ያውቃል። በ1997 አምስት አገሮች ተመልካቹ በስልክ እንዲመርጥ ሞከሩ፤ በተከታዩ ዓመት አብዛኞቹ ተከተሏቸው።

ያኔ ደግሞ የጎረቤት ድምፅ የሚባለው ክርክር ተነሣ። ግሪክና ቆጵሮስ 12 ነጥባቸውን ይለዋወጣሉ፤ ከቀድሞዋ ዩጎዝላቪያ የወጡት አገሮች አንዳቸው ለሌላው ይሰጣሉ፤ የሰሜን አውሮፓ አገሮችም እንዲሁ። ከጀርመን ለቱርክ በተደጋጋሚ ከፍተኛ ነጥብ የመጣው እዚያ ከሚኖሩት ቱርኮች ብዛት የተነሣ ነው። ብዙ ተንታኞች ይህን እንደ ሴራ ያዩታል። እኔ ግን በከፊል ብቻ እስማማለሁ። ቤልግሬድ ውስጥ የታወቀ ዘፋኝ በዛግሬብም በሳራዬቮም ይደመጣል፤ ቋንቋውም የዜማው ጠባይም የቅርብ ነው። ስደተኛውም ቢሆን በሰው አገር ተቀምጦ የእናቱን ቋንቋ ከመድረክ ሲሰማ ስልኩን ቢያነሣ አይፈረድበትም። ችግሩ ሰው የሚወደውን መምረጡ ሳይሆን፣ ትንሽ ሕዝብ ያላትና ስደተኛ ያላፈራች አገር ጥሩ ዘፈን ይዛ ብትመጣ ማን ይሰማታል የሚለው ነው።

ለዚህ መልስ እንዲሆን ከ2009 ጀምሮ ዳኞች ወደ ፍፃሜው ተመልሰው ግማሹን ነጥብ ያዙ። ቱርክ በዚህና ትልልቆቹ ከፋይ አገሮች በቀጥታ ፍፃሜ በመግባታቸው ቅር ተሰኝታ ከ2012 ወዲህ አልተመለሰችም። ከ2016 ጀምሮ የዳኞችና የሕዝብ ነጥብ ለየብቻ ስለሚነገር ልዩነቱ በግልጽ ይታያል። በዚያው ዓመት ዳኞች አውስትራሊያን፣ ሕዝቡ ሩሲያን አስቀደመ፤ በሁለቱም ሁለተኛ የወጣችው ዩክሬን አሸነፈች። በ2023 ሊቨርፑል ላይ ደግሞ ፊንላንዳዊው ካሪያ ከሕዝብ 376 ነጥብ ሲያገኝ ስዊድናዊቷ ሎሪን 243 አገኘች። ዳኞች ግን ለእሷ 340፣ ለእሱ 150 ሰጥተው ስለነበር ዋንጫው የሎሪን ሆነ። የተከፉት ሰዎች ጥያቄ ተገቢ ነበር፤ በየአገሩ አምስት ዳኞች የሚሊዮኖችን ያህል ይመዝናሉ ማለት ነው? በ2022 በሁለተኛው የግማሽ ፍፃሜ የስድስት አገሮች ዳኞች ድምፅ አጠራጣሪ ሆኖ ተሰርዞ እንደነበር ሲታሰብ ጥያቄው ይበልጥ ይከብዳል።

ያም ሆኖ ዳኞች ይቅሩ አልልም። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ለእኛ ቅርብ ወደሆነው ታሪክ ልሂድ።

ኤደን አለነ ከኢትዮጵያ ከሄዱ ወላጆች ኢየሩሳሌም ውስጥ ተወለደች። በ2018 የእስራኤሉን ኤክስ ፋክተር አሸነፈች፤ በ2020 ደግሞ በዩሮቪዥን እስራኤልን እንድትወክል ተመረጠች። ዶሮን ሜዳሊና ኢዳን ራይሼል የጻፉላት ዘፈን ርዕሱ «ፍቅር ልቤ» ነው፤ ከእንግሊዝኛ፣ ከዕብራይስጥና ከዐረብኛ ጋር አማርኛ ተቀላቅሎበታል። ሮተርዳም ላይ ልትዘፍነው ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩ ውድድሩ በኮሮና ምክንያት ተሰረዘ። ደንቡ ለአዲስ ዓመት አዲስ ዘፈን ስለሚጠይቅ በ2021 የቀረበችው በሌላ ዘፈን ነው። አማርኛው ያን መድረክ ሳያይ መቅረቱ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። በፍፃሜው 93 ነጥብ አግኝታ 17ኛ ወጣች፤ ከዚህ ውስጥ 73 የዳኞች፣ 20 የሕዝብ ነበር።

አሁን ይህን ቁጥር ከ2024ቱ ጋር እናስተያየው። ማልሞ ላይ በጋዛ ጦርነት መካከል የቀረበችው የእስራኤሏ ኤደን ጎላን ከዳኞች 52፣ ከሕዝብ 323 ነጥብ አገኘች። በሦስት ዓመት ውስጥ የሕዝቡ ነጥብ ከ20 ወደ 323 የዘለለው በዜማው ብልጫ ብቻ ነው ብሎ የሚከራከር ሰው አይገኝም። በ2022 ዩክሬን ከሕዝብ 439 ነጥብ አግኝታ ክብረ ወሰን የሰበረችውም ሩሲያ በወረረቻት ዓመት ነው። ለአገር ሐዘንም ሆነ ለአቋም ድጋፍ መስጠት የሰው መብት ነው፤ ነገር ግን ያ ሚዛን ብቻውን ከተተወ ዘፋኙ ይጠፋል። የኤደን አለነን ድምፅ ጆሮ ሰጥተው የመዘኑት ዳኞቹ ነበሩ።

በሌላ በኩል ፖለቲካ ዩሮቪዥን ውስጥ የገባው አሁን ነው ማለት ታሪኩን አለማወቅ ነው። በ1964 ኮፐንሃገን ላይ የስፔንና የፖርቱጋል አምባገነኖችን ፍራንኮንና ሳላዛርን የሚቃወም ሰው መፈክር ይዞ መድረክ ላይ ወጥቷል። በ1975 ግሪክ ቱርክ ስትገባ ቀረች። በ1978 እስራኤል ስታሸንፍ የዮርዳኖስ ቴሌቪዥን ሥርጭቱን አቋርጦ የአበባ ምስል አሳየ። ሊባኖስ በ2005 ልትገባ ተዘጋጅታ የእስራኤልን ዘፈን አላስተላልፍም በማለቷ ወጣች። ከአፍሪካ የተሳተፈችው ብቸኛ አገር ሞሮኮ ስትሆን፣ የገባችውም እስራኤል በሌለችበት በ1980 ነው፤ ሰሚራ ሰኢድ ሰባት ነጥብ ብቻ አግኝታ ከመጨረሻው ሁለተኛ ሆነች፣ ሞሮኮም አልተመለሰችም።

ዛሬ ክርክሩን ያከረረው የሩሲያ ጉዳይ ነው። ሩሲያ ዩክሬንን በወረረች ማግስት ኅብረቱ በውድድሩ እንዳትገባ ከለከላት። ስለዚህ የእስራኤልን መሳተፍ የሚቃወሙት ሰዎች ለአንዱ የሠራ ለሌላው ለምን አይሠራም ይላሉ፤ የጋዛን ሕዝብ እልቂትም ያነሣሉ። የ2024ቱ አሸናፊ ስዊዘርላንዳዊው ኔሞ በዚሁ ምክንያት ዋንጫውን እመልሳለሁ ብሏል። የእስራኤልን መሳተፍ የሚደግፉት ደግሞ የሚወዳደሩት ጣቢያዎች እንጂ መንግሥታት አይደሉም፣ የእስራኤሉ ካን ከመንግሥቱ ጋር ራሱ የሚጋጭ ነፃ ጣቢያ ነው፣ የሩሲያዎቹ ግን የመንግሥት አፍ ነበሩ ብለው ይመልሳሉ። ይህ ልዩነት እውነት ነው፤ ነገር ግን በ2022ቱ ውሳኔ የተሰጠው ምክንያት የጣቢያዎቹ ነፃነት ማጣት ሳይሆን የውድድሩ ስም መጉደፍ ነበር። ያ መለኪያ እስከ የት እንደሚዘልቅ ማንም አላብራራውም።

ጄኔቫ ላይ በ2025 መጨረሻ የተሰበሰቡት አባላት ያጸደቁት ደንብ ጥሩ ነገር አለው። አንድ ሰው መስጠት የሚችለው ድምፅ ከ20 ወደ 10 ወርዷል። ዳኞች በየአገሩ ከአምስት ወደ ሰባት ከፍ ብለው ወደ ግማሽ ፍፃሜም ተመልሰዋል፤ ከመካከላቸውም ቢያንስ ሁለቱ ከ18 እስከ 25 ዓመት የሆኑ ወጣቶች ናቸው። በመንግሥት የሚደገፍ ያልተመጣጠነ የድምፅ ቅስቀሳም ገደብ ተበጅቶለታል፤ ከዚያ በፊት የእስራኤል መንግሥት የማስታወቂያ ተቋም ለምርጫው ቅስቀሳ መክፈሉ ብዙ አነጋግሮ ነበር። በእኔ እምነት ለአንድ ሰው 10 ድምፅም ይበዛል፤ አንድ ሰው አንድ ድምፅ ቢሰጥ ይበቃል።

ትልቁ ጉድለት ግን አልተነካም። አባላቱ ደንቡን ካጸደቁ በኋላ ስለ እስራኤል መሳተፍ የተለየ ድምፅ አልተሰጠም፤ አምስቱም አገሮች የወጡት ከዚያ ወዲህ ነው። ኅብረቱ አንድ ጣቢያ በምን ጥፋት፣ በማን ውሳኔ፣ ለስንት ጊዜ እንደሚታገድ፣ በምንስ ሁኔታ እንደሚመለስ በግልጽ ጽፎ ለሁሉም እኩል ያውጣ። ይህን የሚያደርገውም አሁን፣ ተከሳሹ ማን እንደሚሆን ሳይታወቅ መሆን አለበት።