ተጨማሪ መረጃ፦ ገለባው የት ይሄዳል?

ከጭሮ ወደ ገለምሶ በሚወስደው መንገድ በምትገኘው በደሳና በአካባቢዋ፣ የተለቀመ ቀይ የቡና እሸት ከነልጣጩ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል። የሐረር ቡና የሚታወቀውም በዚህ ደረቅ ዝግጅት ነው። የደረቀው እሸት፣ ማለትም ጀንፈሉ፣ ሲፈለፈል ፍሬው ወደ ገበያ ይጓዛል፤ ገለባው ይቀራል። ጥቂቱ ከወተት ጋር ፈልቶ ሆጃ የሚባል መጠጥ ይሆናል። የተረፈውስ?

ገለባው ተጨምቆ የማገዶ ብሪኬት ይወጣዋል፤ በሙቀት ከጀርም ጸድቶ እንጉዳይ ይበቅልበታል፤ ከእበት ጋር ተብላልቶ ኮምፖስት ይሆናል። እንጉዳይ ትርፉ ያጓጓል፤ ግን ትኩሱ ገዢ ካላገኘ በቀናት ውስጥ ይበላሻል። ሥራ መጀመር ለሚያስብ ተማሪ ብሪኬት ይሻላል፤ ደረቅ ቦታ ከተቀመጠ ገበያ እስኪገኝ ይጠብቃል፣ ከሰል የሚገዛ ቤተሰብ ሁሉም ደንበኛ ሊሆን ይችላል።

እንዲህ ያለውን ሐሳብ ወደ ንግድ ለመለወጥ የሚረዳ ትምህርትም አለ፤ ሥራ ፈጠራ በሀገራችን ዩኒቨርሲቲዎች በጋራ ኮርስነት ይሰጣል። በ2005 ዓ.ም. በማዕከልነት የተቋቋመው የኢንተርፕረነርሺፕ ልማት ኢንስቲትዩትም፣ የተባበሩት መንግሥታት የንግድና ልማት ጉባኤ የሚያስተባብረውን ኤምፕሬቴክ የተባለ የሥራ ፈጠራ ሥልጠና ይሰጣል። ለበደሳ ልጅ ቅርቡ ዩኒቨርሲቲ ጭሮ የሚገኘው ኦዳ ቡልቱም ነው።

የንግድ ዕቅድ ከመጻፋችሁ በፊት ግን ወደ አንድ የቡና መፈልፈያ ሂዱ። ገለባውን ማን እንደሚወስደው፣ ኩንታሉ ስንት እንደሚሸጥና በየትኞቹ ወራት እንደሚጠፋ ጠይቁ።