የውቂያ ብናኝና የአስም በሽታ

ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ በአብዛኛው የአገራችን ደጋና ወይና ደጋ የውቂያ ወቅት ነው። ሌሊቱ እጅግ የሚቀዘቅዘውም በዚሁ ወቅት ነው። ቀኑን ዓውድማ ላይ የዋለ ገበሬ ሌሊት ደረቱ ሲታፈንና ትንፋሹ ሲያፏጭ «ብርድ መታኝ» ይላል፤ በማግሥቱም ጋቢ ደርቦ ወደዚያው ዓውድማ ይመለሳል። ብርድ አስምን ሊቀሰቅስ መቻሉ እውነት ነው። ሆኖም ዋናው ምክንያት ቀን ወደ ሳንባው የሳበው የእህል ብናኝ ሆኖ ሳለ ጥፋቱ በሌሊቱ የሚላከክበት ጊዜ አለ። የልማት ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት ይህን ግንኙነት ካወቁ ከሕመም አልፎ ሕይወትም ለማዳን ይችላሉ።

የአስም ምንነት

አስም የአየር ቧንቧዎች ለረጅም ጊዜ የሚቆጡበት በሽታ ነው። ቀስቃሽ ነገር ሲገባ በቧንቧዎቹ ዙሪያ ያለው ጡንቻ ይኮማተራል፤ የውስጥ ግድግዳቸው ያብጣል፤ አክታም ይበዛል። ከዚህ የተነሳ ሳል፣ የትንፋሽ እጥረትና ሲር ሲር የሚል ድምፅ ይሰማል። ሕመሙ ሲያልፍ ሰውየው ጤነኛ ቢመስልም የቧንቧዎቹ ቁጣ ግን ሳይጠፋ ሊቆይ ይችላል። አስም ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ሳሉ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ግን ሳንባ ነቀርሳ ሊሆን ስለሚችል በጤና ተቋም መመርመር ያስፈልጋል።

ቀስቃሹ ነገር አንዳንዱን በደቂቃዎች ውስጥ ያፍነዋል፤ ሌላውን ግን ከብዙ ሰዓት በኋላ ማታ ወይም ሌሊት ይይዘዋል። ስለዚህ የልማት ሠራተኛው ሁለት ጥያቄዎችን ይጠይቅ፦ «ትናንት ቀን ምን ሲሠሩ ዋሉ?»፤ «ከዚያ ሥራ ለጥቂት ቀናት ሲርቁ ይሻልዎታል?»። መልሱ ከምርመራ ባይተካም ለጤና ባለሙያው ጥሩ መነሻ ይሆናል።

በእርሻ ሥራ የሚገኙ ቀስቃሾች

የእህል ብናኝ ተራ አፈር አይደለም። በውስጡ የገለባ ስብርባሪ፣ የሻጋታ ዘር፣ የነቀዝና ዓይን የማያያቸው ጥቃቅን ተባዮች አካልና ኩስ ይገኛሉ። ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ በ1700 (እ.አ.አ.) ስለ ሠራተኞች በሽታ ባሳተመው መጽሐፍ እህል አበጣሪዎችና ሰፋሪዎች በብናኙ ምክንያት በትንፋሽ እጥረት እንደሚሠቃዩ ገልጾ ነበር።

በወፍጮ ቤት ዱቄቱ፣ በቡና ማበጠሪያ የጥሬ ቡና ብናኝ አስም ያመጣሉ። የጉሎ ፍሬ ብናኝ ከእነዚህ ይብሳል፤ ጉሎ ተጭኖበት የነበረ ጆንያ ለቡና ወይም ለእህል ሲውል ጆንያውን የሚያራግፈውን ሰው ሊያፍን ይችላል። የማገዶ ጭስ፣ የበርበሬ መደለዝና ጉንፋንም አስም ያለበትን ሰው ያባብሱበታል። እንደ ማላታይን ያሉ ፀረ ተባይ መድኃኒቶች ደግሞ የአየር ቧንቧን ሊያጠብቡ ይችላሉ።

ብናኙን የመቀነሻ ዘዴዎች

1. እህሉ በሚገባ ደርቆ ይግባ። ለጎተራ የሚገባ የብርዕ እህል እርጥበቱ ከ13 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል። መለኪያ ከሌለ በደረቅ ጠርሙስ እህልና ጥቂት በሚገባ የደረቀ ጨው ጨምሮ መነቅነቅና ሩብ ሰዓት ያህል ማቆየት ነው። ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ገና እርጥብ ነው፤ ይሻግታል።

2. የደረቀውን እህል አየር በማያስገባ ከረጢት ማስቀመጥ ነቀዝን ያለ መድኃኒት ይገታል፤ ብናኙም ይቀንሳል።

3. በውቂያና በማዝራት ጊዜ ነፋስ ከጀርባ ይሁን። የመውቂያ ማሽን የገለባ መውጫ ሰው ወደሌለበትና ነፋሱ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ይዙር።

4. መጋዘን ከመጠረጉ በፊት በሮቹ ይከፈቱ። አስም ያለበት ሰው አይጥረግ፤ ጆንያም አያራግፍ።

5. በነጠላ አፍንጫን መሸፈን ሻካራውን ገለባ እንጂ ደቃቁን ብናኝ አያስቀርም። ፊት ላይ በደንብ የሚገጥም የብናኝ ጭንብል ከተገኘ እርሱ ይሻላል።

6. አስም ያለበት ሰው ፀረ ተባይ አይርጭ። ሰው በሚተኛበት ቤት ፎስፊን ጋዝ የሚያወጣ የእህል እንክብል መጠቀም ለጤነኛውም ገዳይ ነው።

ስለ መድኃኒት

ብናኝ መቀነስ ብቻውን ሕክምናን አይተካም። የሚሳቡት መድኃኒቶች ሁለት ዓይነት ናቸው። እንደ ሳልቡታሞል ያለው ማስታገሻ የተኮማተረውን ጡንቻ ቶሎ ያላላል፤ ቁጣውን ግን አያበርድም። እንደ ቤክሎሜታዞን ያለው መከላከያ ቁጣውን ያበርዳል፤ ሐኪም ባዘዘው መሠረት ሕመም በሌለበት ቀንም ጭምር ይወሰዳል። ከተወሰደ በኋላ አፍ በውኃ ይጉመጥመጥ። ጂና በሚል ምህጻር የሚታወቀው ዓለም አቀፍ የአስም ድርጅት ከ2019 (እ.አ.አ.) ጀምሮ ለአዋቂዎችና ለወጣቶች ሳልቡታሞልን ብቻውን መስጠትን አይደግፍም። ስለዚህ ማስታገሻ ብቻ የሚጠቀም ሰው መከላከያ እንደሚያስፈልገው ሐኪሙን ይጠይቅ።

መድኃኒቱ በጉሮሮ እንዳይቀር ማገናኛ ያስፈልጋል። ከጠፋ ግማሽ ሊትር የሚይዝ ንጹሕ የፕላስቲክ ጠርሙስ ታችኛው ክፍሉ በመድኃኒቱ አፍ ልክ ተበስቶ ሊያገለግል ይችላል። አንድ ጊዜ እየነፉ በጠርሙሱ አፍ አምስት ስድስት ጊዜ በዝግታ መተንፈስ ነው።

በሽተኛው አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተው፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ከደነዘዘ አደጋ ላይ ነው። ቀጥ አድርጎ ማስቀመጥ፣ ማስታገሻውን እየሰጡ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ማድረስ ይገባል። ጭስ ማጠን ጉዳቱን ያብሳል።

የኅብረት ሥራ ማኅበራት ድርሻ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። ነገር ግን በደቦ ላይ ትንፋሽ ያጠረው አባል ሰነፍ ከተባለ በሽታውን ይደብቃል። ስለዚህ ማኅበሩ ከውቂያ በፊት አስም ያለባቸውን አባላት ለይቶ በመስኖ፣ በጥበቃ፣ በሂሳብ ወይም ብናኝ በሌለበት ሌላ ሥራ ይመድባቸው፤ ድርሻቸውም አይቀነስባቸው። በመጋዘኑና በቡና ማበጠሪያው ጭንብል ያቅርብ፤ የጉሎ ጆንያ ለብቻው ይቀመጥ። የልማት ሠራተኛውም ስለ ምርት ብክነት በሚያስተምርበት ቀን ስለ ብናኙ አብሮ ያስተምር፤ እህሉን ከሻጋታና ከነቀዝ የሚያድነው ጥንቃቄ የገበሬውንም ሳንባ ይጠብቃልና።