በቀቀን ምን ላይ ትቁም? ምንስ ታኝክ?

የቅርንጫፍ ፊዚክስ፣ ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ ዛፎች ጋር

በቀቀን ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ ወደ ሩቅ አገር ይነጉዳል። በሽቦ ቤት ውስጥ ተቀምጣ የሰው ቃል የምትደግም፣ ከደቡብ አሜሪካ ወይም ከኮንጎ ደን የመጣች ወፍ ትታሰበናለች። ሆኖም ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ ወደ ቡሬ የሚጓዝ ሰው፣ ሾላውና ዋርካው ባልተቆረጠበት፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደን ባልሳሳበት ሥፍራ ቀና ብሎ ቢመለከት፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው እየጮኹ የሚበሩ አረንጓዴ በቀቀኖችን የማየት ዕድል አለው። እነዚህ ወፎች እንግዶች ሳይሆኑ የአገሩ ተወላጆች ናቸው።

በአገራችን ደጋና ወይና ደጋ ከሚኖሩት በቀቀኖች መካከል ሁለቱ ለዚህ ጽሑፍ ይበቃሉ። የመጀመሪያዋ ጥቁር ክንፍ ያላት ትንሿ በቀቀን ናት፤ ሳይንሳዊ ስሟ አጋፖርኒስ ታራንታ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1814 ለሳይንስ ዓለም ተዋውቃለች። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ከፍተኛ ቦታዎች በቀር በተፈጥሮ በሌላ አገር አትገኝም። ርዝመቷ 16 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ወንዱን ከሴቷ የሚለየው የግንባሩ ቅላት ነው። ሁለተኛዋ ቢጫ ግንባር በቀቀን፣ በሳይንሳዊ ስሟ ፖይሴፋለስ ፍላቪፍሮንስ ናት፤ እርሷም የኢትዮጵያ ብቻ ናት። ሁለቱም የሾላና የዋርካ ፍሬ ይወዳሉ፤ ሁለቱም የሚፈለፍሉት በዛፍ ቀዳዳ ውስጥ ነው።

በቀቀንን በቤት ማሳደግ በምዕራብ ጎጃም ገጠር የተለመደ አይደለም። በዓለም ዙሪያ ግን፣ በውጭ የሚኖሩ ወገኖቻችንን ጨምሮ፣ በሽቦ ቤት በቀቀን የሚያሳድጉ ቤተሰቦች እጅግ ብዙ ናቸው። ከእነዚህ ወፎች መካከል ብዙዎቹ የሚታመሙበት ምክንያት ጥራጥሬ አጥተው ሳይሆን የሚቆሙበት እንጨት ተገቢ ስላልሆነና የሚያኝኩት ነገር ስለሌላቸው ነው። ለመሆኑ አንድ ቅርንጫፍ ለወፍ ጤና ይህን ያህል የሚጠቅመው ለምንድን ነው? ለጥያቄው መልስ ለመስጠት ከሥነ ሕይወት ባሻገር ፊዚክስም ያስፈልጋል።

ግፊትና የወፍ እግር

በቀቀን በእያንዳንዱ እግሯ አራት ጣቶች አሏት፤ ሁለቱ ወደ ፊት፣ ሁለቱ ወደ ኋላ የዞሩ ናቸው። ይህ አቀማመጥ ቅርንጫፍን እንደ መቆንጠጫ ለመያዝ ያስችላታል። በሽቦ ቤት ያለች ወፍ ሌሊትና ቀን የምትውለው በእግሯ ቆማ እንደ መሆኑ፣ የእግሯ መዳፍ የሚሸከመውን ጫና ማስላት ተገቢ ነው።

60 ግራም የምትመዝን ወፍ እንውሰድ። ክብደቷ 0.59 ኒውተን ገደማ ይሆናል። የሁለቱ እግሮቿ ንክኪ ድምር 1 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው ብለን ብናስብ፣ ግፊቱ 5.9 ኪሎ ፓስካል፣ በሜርኩሪ ልኬት 44 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ንክኪው ወደ ጥቂት ነጥቦች ጠቦ 0.25 ካሬ ሴንቲ ሜትር ቢሆን ደግሞ ግፊቱ አራት እጥፍ አድጎ 176 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ለማነጻጸር ያህል፣ በሰው ቆዳ ውስጥ ባሉ ቀጫጭን የደም ሥሮች ለሚገኘው ግፊት በተለምዶ የሚጠቀሰው ቁጥር 32 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የሰውና የወፍ ቆዳ አንድ ባይሆንም ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ አንድ ቦታ ለረጅም ጊዜ ከተጫነ ደም በሚገባ አይደርሰውም።

ወፏ ከዚህ ጉዳት የምታመልጠው ክብደቷን በመቀነስ ሳይሆን የጫናውን ቦታ በመለዋወጥ ነው። የዱር ቅርንጫፍ እዚህ ወፍራም፣ እዚያ ቀጭን፣ አንዴ ጎባጣ፣ አንዴ ጠፍጣፋ ነው፤ ወፏ አንድ እርምጃ በተራመደች ቁጥር ጫናው ወደ ሌላ የመዳፏ ክፍል ይዛወራል። በማሽን የተላገ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ውፍረት ያለው ዱላ ወይም የፕላስቲክ ዘንግ ግን ዘወትር አንዱን ሥፍራ ይጫናል። ውጤቱም መዳፉ በመጀመሪያ መቅላት፣ ከዚያ መቁሰል፣ በመጨረሻም መመርቀዝ ነው። ይህ የእግር ቁስል በዶሮም ሆነ በጭልፊት ላይ የሚታይ የታወቀ በሽታ ነው።

ውፍረቱ ስንት ይሁን?

ለጥሩ ቆጥ የሚሰጠው መመሪያ፣ የወፏ ጣቶች የእንጨቱን ዙሪያ ከሁለት ሦስተኛ እስከ ሦስት አራተኛ ያህል ይቀፉ የሚል ነው። የፊትና የኋላ ጥፍሮች ከተገናኙ እንጨቱ ቀጥኗል፤ ጣቶቹ ተዘርግተው ከቀሩ ወፍሯል። ይህን ወደ ቀመር መለወጥ ቀላል ነው። ከፊት ጣት ጫፍ እስከ ኋላ ጣት ጫፍ ያለው ርዝመት 4 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። ይህ የዙሪያው ሦስት አራተኛ ከሆነ፣ ዙሪያው 5.3 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ለ3.14 ስናካፍለው ውፍረቱ 1.7 ሴንቲ ሜትር ሆኖ እናገኘዋለን። ሁለት ሦስተኛ ከሆነ ደግሞ 1.9 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። ስለሆነም ለትንሽ በቀቀን ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር፣ ለአፍሪካ ግራጫ በቀቀን ከ2.5 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር የሆኑ የተለያዩ ቅርንጫፎችን ማቀላቀል ይመከራል።

ከዋናው ማረፊያ ሌላ አንድ የሚወዛወዝ ቀጭን ቅርንጫፍ መጨመርም መልካም ነው። በአንድ ጫፉ ብቻ የታሰረ እንጨት ጫፉ ላይ ሲጫን የሚጎብጠው በርዝመቱ ሦስተኛ ርቢ ልክ እየጨመረ፣ በውፍረቱ አራተኛ ርቢ ልክ እየቀነሰ ነው። 30 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና ግማሽ ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው እርጥብ ቅርንጫፍ በ60 ግራም ወፍ ሥር 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይጎብጣል፤ ውፍረቱ 1 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ግን ጉብጠቱ ወደ አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ ይወርዳል። ውፍረትን እጥፍ ማድረግ ጉብጠትን በ16 እጥፍ ይቀንሳል ማለት ነው። በሚወዛወዝ ቅርንጫፍ ላይ የምትቆም ወፍ ሚዛኗን ለመጠበቅ ጡንቻዎቿን ታሠራለች፤ በጠባብ ቤት ለተዘጋባት ወፍ ይህ ትልቅ እንቅስቃሴ ነው።

ከብረት ይልቅ እንጨት የሚመረጥበት ሌላም ምክንያት አለ። ደረቅ እንጨት ሙቀት የማስተላለፍ ችሎታው ከተራ ብረት በመቶዎች እጥፍ ያነሰ ነው። በቀዝቃዛ ሌሊት ብረት የወፏን የእግር ሙቀት ሲመጥ እንጨት ግን ይቆጥብላታል። የዛፉ ልጥም ሸካራ በመሆኑ ለጥፍሮቿ በቂ ፍትጊያ ይሰጣል።

ማኘክ ሥራ ነው

የበቀቀን ምንቃር ልክ እንደ ጥፍራችን ዕድሜዋን ሙሉ ያድጋል። ካልተፋቀና ካልተሳለ ከመጠን በላይ ሊረዝም ይችላል። ከዚህም በላይ ማኘክ የኑሮዋ አካል ነው። በዱር ያለችው ትንሿ በቀቀን የዛፉን ቀዳዳ አፍ በምንቃሯ እየፈለፈለች ለራሷ ትመጥነዋለች፤ ሴቷም ልጥና ቅጠል ቆርጣ በላባዋ መካከል እየሰካች ወደ ጎጆዋ ታጓጉዛለች። ስለዚህ በሽቦ ቤት ውስጥ እንጨት የምታኝክ ወፍ ንብረት አጥፊ ሳትሆን ቤት ሠሪ ናት። ሥራዋን ስትነጠቅ ላባዋን ወደ መንቀል የምታዘነብለው ያለ ምክንያት አይደለም።

ለሥራው ሁለት ዓይነት እንጨት ያስፈልጋል። ወይራ እፍግታው ለውኃ የሚቀርብ ጽኑ እንጨት በመሆኑ ብዙ ጊዜ የሚቆይ ቆጥ ይወጣዋል። እንደ አኻያ ያለ ለስላሳ እንጨት ደግሞ በቀላሉ ስለሚሰነጠቅ ለማኘክ የተመቸ ነው። ወንዝ ዳር የሚበቅለው አኻያ በየአገሩ ወፍ አሳዳጊዎች ከሚመርጧቸው ዛፎች ወገን ነው። የባሕር ዛፍ፣ የሽዋሽዌ፣ የዘይቱንና የብርቱካን ቅርንጫፍም ይሆናል። በዓለም ገበያ በውድ ከሚሸጡት የበቀቀን ቆጦች መካከል ልጡ ከተላጠ የቡና ግንድ የሚሠራው አንዱ ነው፤ በእኛ አገር ያረጀ ቡና ሲጎነደል የሚወድቀው ግንድ ግን አብዛኛውን ጊዜ ለምድጃ ይውላል።

ቡሬ አካባቢ በበቆሎና በበርበሬ ይታወቃል፤ ሁለቱም ለበቀቀን መጫወቻ ይሰጣሉ። የበቆሎ ልባስና ቆረቆንዳ ለመተርተር የተመቸ ነው፤ ሻጋታ የነካው ግን ፈጽሞ አይሰጥም። የደረቀ የበርበሬ ዛላስ ወፏን አያቃጥላት ይሆን? አያቃጥላትም። እ.ኤ.አ. በ2002 ይፋ በሆነ ምርምር እንደተረጋገጠው፣ በአጥቢ እንስሳት ላይ የማቃጠል ስሜት የሚፈጥረው የበርበሬ ኬሚካል በወፎች ነርቭ ላይ ያለውን ተቀባይ አይቀሰቅሰውም። እኛን የሚያስነጥሰን ዛላ ለበቀቀን እንደ ጣፋጭ ቆሎ ነው። ግንዱና ቅጠሉ ግን አይሰጥም፤ ፀረ ተባይ ያልተረጨበት መሆኑም መረጋገጥ አለበት።

የማይሰጡ ዛፎች

የዛፍ ሁሉ ቅርንጫፍ ደግ አይደለም። አቮካዶ ለሰው ምግብ ቢሆንም ለወፎች መርዝ ነው፤ የልብ ጡንቻቸውን ይጎዳል። ጉሎ፣ ቁልቋል፣ ቅንጭብ፣ እንዶድ፣ አስተናግርና ብሳና በመርዛማነታቸው ወይም በሚያቃጥል ወተታቸው መወገድ አለባቸው። ጥድ የተለየ ማብራሪያ ይሻል። የዱር በቀቀን የጥድ ፍሬ ትበላለች፤ ነገር ግን በነፋሻ ደን ውስጥ ጥቂት ፍሬ መልቀምና ጠባብ ቤት ውስጥ ሽታው የጠነከረ ዘይታም እንጨት ሲያኝኩ መዋል የተለያዩ ነገሮች በመሆናቸው፣ ጥዱን መተው ይሻላል። ሾላና ዋርካም ወተታቸው እስኪደርቅ ድረስ መቆየት አለባቸው። ቀለም የተቀባ እንጨት፣ ዚንክ የተለበጠ ሽቦና ጣት የሚያስር የናይለን ገመድም ከወፍ ቤት ይራቁ፤ ዚንክ በምንቃር እየተፋቀ ሲዋጥ ወፍ ይገድላል።

እንጨቱን ማዘጋጀት

የተቆረጠ ቅርንጫፍ ነፍሳትና ሻጋታ ይዞ ሊመጣ ይችላል። አገር አቋራጭ የእንጨት ማሸጊያን የሚመለከተው ዓለም አቀፍ መመሪያ፣ የእንጨቱ እምብርት 56 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ ለ30 ደቂቃ እንዲቆይ ያዛል። ይህን በድስት ማድረግ ይቻላል። በከፍታ 300 ሜትር በወጣን ቁጥር የውኃ የመፍያ ነጥብ 1 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል፤ በመሆኑም 2,100 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ውኃ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ይህም ከሚፈለገው በላይ ነው።

ሙቀቱ ወደ እምብርት የሚደርስበት ጊዜ ከውፍረቱ ሁለተኛ ርቢ ጋር ይጨምራል። ለ2 ሴንቲ ሜትር ቅርንጫፍ 11 ደቂቃ ያህል ከበቃ፣ ለ4 ሴንቲ ሜትር 45 ደቂቃ ገደማ ያስፈልጋል፤ ከዚያ 30 ደቂቃው ይደመራል። ከተቀቀለ በኋላ በብሩሽ ታጥቦ በፀሐይ በሚገባ ይድረቅ፤ እርጥብ እንጨት ለወፍ ሳንባ ጠንቅ የሆነ ሻጋታ ያበቅላልና።

ትልቁ ቤት

እስካሁን የተነገረው ሁሉ ከዱር ወፍ የተወሰደ ትምህርት ነው። ይሁን እንጂ ወፏን ራሷን ከዱር መውሰድ አይገባም። በ1999 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 541 ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳትን ማደንና መያዝ ከልክሏል፤ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1989 የተቀላቀለችው ዓለም አቀፍ ስምምነትም ሁለቱን የአገራችንን በቀቀኖች ንግዳቸው ቁጥጥር ከሚደረግባቸው ዝርያዎች መዝገብ ውስጥ ያካትታል።

ከአዳኝ ይልቅ የሚያሰጋው ግን መጥረቢያ ነው። በቀቀን ምንቃሯ ብርቱ ቢሆንም የምትፈለፍለው ግንደ ቆርቁር በቆፈረው ወይም ዕድሜ ባቦረቦረው ግንድ ውስጥ ነው። እንዲህ ያለ ቀዳዳ ደግሞ በወጣት ባሕር ዛፍ ላይ አይገኝም፤ የሚገኘው ባረጀ ሾላ፣ ዋንዛና ዝግባ ላይ ነው። ቆሞ የደረቀ ዛፍ ለእኛ ማገዶ ሆኖ ይታየናል፤ ለእርሷ ግን ቤት ነው። ዛፉ አንድ ቀን ቢቆረጥ ያንን የመሰለ ቀዳዳ ለመፍጠር አሥርተ ዓመታት ይጠይቃል።

ለተማሪዎች አንድ የቤት ሥራ እነሆ። በአካባቢያችሁ ባለ ደን ወይም በትምህርት ቤታችሁ ግቢ በቀቀን ስታርፍ ካያችሁ፣ ዛፉን በስሙ መዝግቡ፤ ያረፈችበትን ቅርንጫፍ ውፍረት በግምት ያዙና ከሄደች በኋላ ተመሳሳይ ቅርንጫፍ በክርና በማስመሪያ ለኩ፤ ቀዳዳ ካለው ግንድም ቁጠሩ። ሃምሳ ያህል ልኬት ከተሰበሰበ በግራፍ ላይ አስቀምጣችሁ ከላይ ካገኘነው ከ1.7 እስከ 1.9 ሴንቲ ሜትር ካለው ስሌት ጋር አነጻጽሩት። መሣሪያው ርካሽ ነው፤ ዕውቀቱ ግን የአገራችን ብቻ የሆኑ ወፎችን የሚመለከት ነው። የተመዘገበው የዛፍ ዝርዝርም ለደኑ ጠባቂዎች ቢሰጥ፣ የትኛው አሮጌ ግንድ መነካት እንደሌለበት ያመለክታቸዋል።