ተጨማሪ መረጃ፦ የድሮ የጦርነት ፊልም እንደገና ሲታደስ

የ1ኛው የዓለም ጦርነት ፊልሞች በአብዛኛው የተቀረጹት በእጅ በሚሽከረከር ካሜራ ነው። የካሜራ ባለሙያው እጅ ፍጥነት ስለሚለዋወጥ በሴኮንድ የሚነሱት ምስሎች አንዳንዴ 10፣ አንዳንዴ 18 ይሆናሉ፤ በዛሬው ፍጥነት ሲታዩ ወታደሮቹ እየተንደፋደፉ የሚሮጡ ይመስላሉ። የኒውዚላንዱ ዳይሬክተር ፒተር ጃክሰን እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው «ዴይ ሻል ኖት ግሮው ኦልድ» ዘጋቢ ፊልም የጎደሉት ምስሎች በኮምፒውተር ተሞልተው ፍጥነቱ በሴኮንድ ወደ 24 ምስሎች ተስተካከለ፤ ቀለምም ተጨመረ። ወታደሮቹ የተናገሩትን የከንፈር እንቅስቃሴ አንባቢዎች ለዩ፣ ተዋንያን ደገሙት። ተራኪ የለም። በተራኪ ፈንታ የሚሰማው የዘማቾቹ የራሳቸው ድምፅ ነው፤ ወሬያቸውም ከጦር ስልት ይልቅ ስለ ሻይ፣ ስለ ቅማልና ስለ ጭቃ ነው። ቀለሙ ከዘመኑ የደንብ ልብስ ጋር ቢመሳከርም ግምት አያጣውም፤ ስለዚህ ለታሪክ ጥናት ዋናው ማስረጃ ጥቁርና ነጩ ቅጂ ነው።