ሙሴ ነርሲስ ናልባንዲያንና ደቀ መዛሙርታቸው

ድጓ የተማረ ሰው ስለ ትምህርቱ በተጠየቀ ጊዜ አስቀድሞ የሚናገረው የመምህሩን ስምና የተማረበትን ደብር ነው። ዜማው የቤተ ልሔም ወይም የቆማ፥ የአጫብር ወይም የተጉለት መሆኑ ከዚያ ይታወቃል፤ መምህሩም ቢሞት ስሙ በደቀ መዝሙሩ አፍ ይኖራል። በዓለማዊው ሙዚቃ ግን ይህ ልማድ አልጸናም። በሸክላው ላይ የዘፋኙ ስም ይጻፋል፥ አጃቢዎቹን ያስተማረው ሰው ግን ይረሳል። በዚህ ልማድ ከተጎዱት አንዱ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1977 ያረፉት ሙሴ ነርሲስ ናልባንዲያን ናቸው።

ሙሴ ነርሲስ አርመናዊ ሲሆኑ በ1915 በዓይንታብ ተወለዱ። ያ ዓመት አርመኖች የተሰደዱበትና ያለቁበት ስለ ነበረ ያደጉት በሶርያ፥ በሐለብ ከተማ ነው። ወደ ኢትዮጵያ የጠሯቸው አጎታቸው ሙሴ ኬቮርክ ናቸው። ልዑል አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸውን፥ «ዐርባ ልጆች» የተባሉትን የአርመን ድኃ አደጎች ሙዚቃ ያስተማሩት፥ ዮፍታሔ ንጉሤ ግጥሙን የደረሱለትንና እስከ ዐብዮቱ ዘመን ያገለገለውን የሕዝብ መዝሙር ዜማ የሠሩት እኒሁ አጎታቸው ነበሩ።

የአጎታቸው ዝና በአደባባይ ሲሰማ፥ የሙሴ ነርሲስ ድካም ግን በመለማመጃ ክፍል ውስጥ ነበረ። በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የሙዚቃ ጓድ፥ ኋላም በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ቤት ሲሠሩ የገጠማቸው ነገር ቀላል አልነበረም። የኢትዮጵያ ዘፈን በአንድ ድምፅ የሚሄድ ነው፤ የቅኝቱም ድምፆች አምስት ናቸው። የአውሮፓ አቀነባበር ግን ለሰባት ድምፅ የተሠራ ስለ ሆነ እንዲሁ ቢጭኑት የትዝታና የአንቺሆዬ ጣዕም ይጠፋል። በዚህ ምክንያት የባዕድ እጅ ዜማችንን ያበላሻል ብሎ የሚሠጋ ሰው ቢኖር አይፈረድበትም። ሙሴ ነርሲስ ግን የቅኝቱን ጠባይ ሳያጠፉ ለየመሣሪያው የየራሱን ድምፅ ጻፉለት።

መጻፍ መባሉም በከንቱ አይደለም። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ለዜማ ምልክት ባይሠሩለት ኖሮ (እነርሱ እንደ ሠሩት ይነገራልና) ሁሉ በቃል ብቻ በቀረ ነበር። ኖታም ለዓለማዊው ሙዚቃ እንዲሁ ነው።

በሁለቱም ጓዶች ከተጫወቱት አንዱ በ2016 ያረፉት ጌታቸው መኩሪያ ናቸው። በክራርና በማሲንቆ የጀመሩት እኒህ ሰው የሽለላን ዜማ በሳክስፎን በማሰማት በአውሮፓ ሳይቀር ታውቀዋል፤ ሽለላው ግን ሽለላ መሆኑን አልተወም። ከውጭ የመጣው ትምህርት የአገሩን ዜማ እንዳላጠፋ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻም።

በአሜሪካ በቦስተን ከተማ የተቋቋመው ኢዘር ኦርኬስትራ የተባለው ጓድ፥ ሙሴ ነርሲስ ከሞቱ ከብዙ ዓመታት በኋላ ቅንብሮቻቸውን እያነበበ ተጫውቷል። ተጫዋቾቹ የእርሳቸው ተማሪዎች አልነበሩም፤ የመራቸው ወረቀቱ ነው። በአገር ቤትም ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በሚባለው በዚያው ቤት ዜማዎቹ በሚሰሙበት ጊዜ፥ ከዘፋኙ ስም ጋር የአቀናባሪው ስም ቢነገር፥ ወረቀቶቹም በቤተ መዛግብት ቢቀመጡ የሚጠይቀው ወጪ ጥቂት ነው። ፊት ለፊታቸው ተቀምጠው የተማሩት ሰዎች ግን በየዓመቱ እያነሱ ሄደዋል።