ከኢሜይል ጋር የተያያዘ ሰነድ አልወርድ ሲል

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ በሆነችው በወላይታ ሶዶ፣ በኮምፒውተር ጥገና ሥራዬ ዘወትር የሚቀርብልኝ አቤቱታ፣ በኢሜይል ተያይዞ የመጣ ሰነድ አልወርድ ማለቱ ነው፤ ሰው ሁሉ ኔትወርኩን ቢወቅስም፣ እኔ ግን አስቀድማችሁ በስክሪኑ ጥግ የሚታየውን ቀንና ዓመት እንድትመረምሩ አጥብቄ እለምናችኋለሁ።

ብራውዘር ማናቸውንም ሰነድ ከመቀበሉ በፊት የድረ ገጹን የምስክር ወረቀት ይመረምራል፤ ወረቀቱም የሚጸናበት ዘመን የተወሰነ ስለሆነ፣ የማዘርቦርዱ ትንሽ ባትሪ ደክማ መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ የሚመለስበት ኮምፒውተር፣ ወይም ባለቤቱ በቅን ልቡና 7 ወይም 8 ዓመት ወደ ኋላ የሚቀረውን የእኛን ዓመተ ምሕረት የሞላበት፣ ወረቀቱ ገና ያልተሰጠ ስለሚመስለው፣ ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም ብሎ ይዘጋል። መድኃኒቱ የጎርጎርዮሳውያኑን ቀን መሙላት፣ ባትሪዋንም መለወጥ ነው።

ቀኑ ትክክል ከሆነ፣ ኢሜይሉን በኢንኮግኒቶ መስኮት ክፈቱት፤ በዚያ ከወረደ ጥፋቱ የኤክስቴንሽን ወይም የቆየ ካሽ ነውና፣ ካሹን አጽድታችሁ ኤክስቴንሽኖቹን አንድ በአንድ እያጠፋችሁ ሞክሩ። በጂሜይል ከ25 ሜጋባይት በላይ የሆነ ፋይል የሚላከው በጉግል ድራይቭ ሊንክ ስለሆነ፣ ላኪው ፈቃድ ካልሰጠ አይከፈትም። በግማሽ የተቋረጠውን ደግሞ፣ የሞባይል ዳታችሁ በከንቱ እንዳያልቅ፣ ከዳውንሎድ ዝርዝር ገብታችሁ ለማስቀጠል ሞክሩ። ብራውዘሩ አደገኛ ነው ብሎ የከለከለውን ግን፣ ለላኪው ደውላችሁ ሳታረጋግጡ በግድ አታውርዱ።